ዶርዜ ላይ እንዝርት ላስያዙኝ እማማ

ይህን የምጽፈው ለአንድ እናት ምስጋና ለማድረስ ነው። ወደ አርባ ምንጭ ለመሄድ ላሰባችሁም ጥቆማ ይሆናችኋል።

ባለፈው ጥር አርባ ምንጭ ለሥራ ሄጄ ሁለት ቀን ተረፈኝ። ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ወዳለው የሸማኔዎች መንደር፣ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። ከዚህ በፊትም ሄጄ ነበር። ያኔ የቀርከሃውን ቤት በጥድፊያ አየን፣ ቆጮ በዳጣ ቀመስን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። ሸማኔው ጋ የቆምነው ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። ዘንድሮ ግን ሽመና ልማር ብዬ ነበር የሄድኩት።

ሸማኔው ጥያቄዬን ሰማና "መጀመሪያ እናቴ ጋ ሂጂ" አለኝ። እዚያ ሽመና የወንድ፣ ፈትል የሴት ሥራ ነው። እናቱ ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ እየሞቁ ይፈትላሉ። አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ እኔ ደግሞ ዶርዝኛ አንድ ቃል አላውቅም። የልጅ ልጃቸው መሃል ተቀምጣ እያስተረጎመችልን ጀመርን።

ጥጡ ከቆላው ነው የሚመጣው፣ ደጋው ላይ አይበቅልም። በብረት ዘንግ ድንጋይ ላይ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ እጄ ታዘዘልኝ። እንዝርቱ ላይ ስንደርስ ግን ክሩ ይበጠሳል። እቀጥላለሁ፣ መልሶ ይበጠሳል። እማማ አልተቆጡም። ጣቶቼን አመድ አስነኩኝና እጃቸውን በእጄ ላይ ደረቡ። ቀኝ እጄ እንዝርቱን ጭኔ ላይ ያሾረዋል፣ ግራው ባዘቶውን ይዞ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። "አትጎትቺው፣ ራሱ ይምጣ" አሉኝ። መዳፋቸው ሸካራ ነው። ከዚያ መዳፍ ስር ግን ክሩ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወጣ።

ከሁሉ የገረመኝ አቀጣጠላቸው ነው። ቋጠሮ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱን ጫፍ ያሳሱታል፣ አንዱን በሌላው ላይ ያስተኙታል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠምዘዝ ያደርጉታል። በቃ። የተበጠሰው የት ጋ እንደነበር ብፈልግ አጣሁት።

ዛሬ ዛሬ ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው ክር፣ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ነው። በአግድም የሚገባው ማግ ግን የእነዚህ እናቶች ፈትል ነው። ጋቢ ገላ ላይ የሚለሰልሰው በእሱ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሽሮ ሜዳ ቆሜ "ኧረ ቀንሱልኝ" እያልኩ ተከራክሬያለሁ። የምገዛው ጥለቱን አይቼ ነው። ፈትሉን በጣቴ ዳስሼ፣ ማን ፈተለው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ይሄ ከልቤ አሳፍሮኛል።

በሁለተኛው ቀን ማታ ሎሚ የምታህል ልቃቂት ይዤ ወደ ልጃቸው ሄድኩ። ክሬን ቀሰም ላይ አጠነጠነው፣ መወርወሪያው ውስጥ ከተተው፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ እየሠራው ባለው ያንገት ልብስ ላይ ሸመነልኝ። ስንዝር ሳይሞላ አለቀ። ያቺ ቦታ ጎርበጥ ትላለች። እማማ ዳሰሷትና አንድ ነገር አሉ። "አይፈታ፣ የእሷ መሆኑ ይታወቅ ይላሉ" አለች ልጅቷ። ያንገት ልብሱን ገዛሁት።

ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው ስላላስፈቀድኳቸው ነው። ዶርዜ ሀይዞ ስትደርሱ ግን እንደሳቸው ያሉ ፈታይ እናቶችን የሚያሳያችሁ አታጡም። ለፎቶ ብቻ አትሂዱ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። ክፍያውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከእናንተ ጋር የሚቀመጡበት ሰዓት ገቢያቸው ነው። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ገበያውን ማየት ደስ ይላል፣ ለመማር ግን ሌላ ቀን ይሻላል። የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዳያታልላችሁ፣ ዳገቱን ስትጨርሱ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋቢ ወይም ዱንጉዛ የሚባለውን ባለ ቀለም ጥበብ የምትገዙ ከሆነም እዚያው ከእጃቸው ግዙ።

እማማ፣ የሰጡኝ እንዝርት አልጋዬ አጠገብ ነው። ማታ ማታ እፈትላለሁ። አሁንም ይበጠሳል፣ ግን መቀጠሉን ለምጄዋለሁ። ለአንድ ነጠላ የሚሆን ማግ ሲደርስልኝ ለልጅዎ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው እድሜና ጤና ይስጥልኝ።