የዶርም ዕቁብና የባንክ ቁጠባ፦ ለተማሪ ኪስ የቱ ያዋጣል?

ግቢ ውስጥ ገንዘብ ለማጠራቀም የሚፈልግ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ከባንክ የቁጠባ ሂሳብና ከዶርም ዕቁብ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለመመዘን እንዲመች 12 ተማሪ በሳምንት 200 ብር ለ12 ሳምንት ይጥላል እንበል። ዕጣው 2,400 ብር ነው።

ባንኩን እንይ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ የ2,400 ብር 7 በመቶ፣ ማለትም 168 ብር አገኛለሁ ብሎ ያስባል። አያገኝም። 7 በመቶው የዓመት ነው፤ ገንዘቡም የሚገባው በየሳምንቱ ጠብ ጠብ እያለ ነው። የመጀመሪያው 200 ብር 12 ሳምንት ሙሉ ወለድ ሲያፈራ የመጨረሻው አንድ ሳምንት ብቻ ያፈራል። ተደምሮ 21 ብር ይመጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የተደነገገው 5 በመቶ የወለድ ግብር ሲቀነስ 19 ብር ከ95 ሳንቲም ይቀራል። ባንኩ ወለድ የሚያስበው በወሩ ዝቅተኛ ተቀማጭ ላይ ከሆነ ከዚህም ያንሳል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ወለድ ማጽናኛ አይሆንም። የባንኩ ጥቅም ሌላ ነው፤ ሌሊት ቢታመሙ ገንዘቡ በስልክ ይወጣል፣ እስከ 100,000 ብር ድረስም የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለው።

ዕቁብ ደግሞ ወለድ የለውም ይባላል። እውነት ነው፣ ብድር ግን አለው። በሁለተኛው ሳምንት የደረሰው ልጅ የጣለው 400፣ የወሰደው 2,400 ነው፤ ስለዚህ የጓደኞቹ የ2,000 ብር ባለዕዳ ነው። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው በተቃራኒው ለሁሉም በነፃ ሲያበድር ይከርማል። ዕቁብ የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው፦ ቀድሞ የበላው ልጅ ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ አገሩ ይገባል። መድኃኒቱ ዋስ ነው፣ ዋሱ ግን ገና ያልደረሰው ዕቁብተኛ ይሁን። የደረሰው ሰው ዋስ ቢሆን የሚያዝበት ዕጣ የለም። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ሲሆን ደግሞ ዳኛው በስክሪንሾት አይመን፤ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ብሩ መግባቱን አይቶ ነው ጸሐፊው ደብተሩ ላይ ምልክት የሚያደርገው።

ዕጣ መግዛት ለብቻው ሊታይ ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ለደረሰው ልጅ 150 ብር ሰጥቶ ተራውን የሚወስድ ሰው እጁ የሚገባው 2,250 ነው። ሳይገዛ ቢቆይ ኖሮ መጨረሻ ላይ ይደርሰው ከነበረ፣ የከፈለው ለ9 ሳምንት 6.7 በመቶ ግድም፣ በዓመት ሲሰላ 38 በመቶ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ይደርሰው ከነበረ ግን ያንኑ 150 ብር የከፈለው ለሁለት ሳምንት ነው፤ በዓመት ከ170 በመቶ ያልፋል። ለመመዝገቢያ ወይም ለሕክምና ካልሆነ አይመከርም።

ዕቁብን የምናስበልጠው ለንግድ መነሻ ነው። ካልሲ በ40 ብር ገዝቶ በ55 የሚሸጥ ተማሪ በ2,400 ብር 60 ጥንድ ያነሳል። ከአንዱ ጥንድ የሚያተርፈው 15 ብር ስለሆነ የሳምንቱን 200 ከትርፉ ለመጣል 14 ጥንድ መሸጥ አለበት። 8 ጥንድ ሸጦ 440 ብር ኪሱ ሲገባ ሞልቶለት ይመስለዋል፤ ትርፉ ግን 120 ብቻ ነው፣ የጎደለውን 80 ከዋናው ነው የሚጥለው። እንዲህ እያለ ጥቂት ሳምንት ከቆየ ካርቶኑ እየሳሳ ይሄዳል፣ የሳምንቱ 200 ብር ግን ባለበት ነው። የትርፉንና የዋናውን ብር በሁለት ፖስታ መለየት ለዚህ ይበቃል። ለድንገተኛ ወጪ የሚሆነው ግን ባንክ ይቀመጥ፤ ዕቁብ ቸገረኝ ቢሉት ተራ አያስቀድምም።

ጊዜውንም አስሉ። ዕቁቡ ፋይናል ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት፣ ፈተና ካለቀ በኋላ ማንንም ማግኘት አይቻልም። አባላቱ 20 ከደረሱ በየሳምንቱ ለሁለት ሰው 2,000፣ 2,000 ብር ይውጣ፤ በ10 ሳምንት ያልቃል።