ለትራንስ ሾፌር፦ ሻወሩ አሪፍ፣ ካሸሩ ግን...

ከባድ መኪና እነዳለሁ። ትራንስ ሴት ነኝ፣ ማለትም ስወለድ ወንድ ተብዬ የተመዘገብኩ ሴት። ስለ አንድ የሾፌሮች ማረፊያ ልንገራችሁ፣ ስሙ ይቅር።

ሻወሩ የወንድ የሴት የሚባል ነገር የለውም። ነዳጅ ስትቀዱ በማረፊያው የደንበኛ ካርዳችሁ ላይ ነጥብ ይጠራቀማል፣ በነጥቡ ሻወር ትጠይቃላችሁ፣ የክፍል ቁጥርና የበር ኮድ ይሰጣችኋል። ሽንት ቤቱም መስታወቱም እዚያው ውስጥ ነው፣ ከውስጥ ይቆለፋል፣ አለቀ። የጋራ ሽንት ቤት ገብቼ ዓይን እንዳይበዛብኝ ብዬ ውሃ ሳልጠጣ የምነዳበት ቀን ብዙ ነው፤ እዚህ ግን ተረጋግቼ ተላጭቼ፣ ተኳኩዬ ስወጣ ማንም ምንም አላለኝም። ፎጣው ይሻክራል፣ ንጹሕ ነው ግን። በተለይ ጀማሪ ሆናችሁ ከአሰልጣኝ ጋር አንድ ጋቢና ውስጥ የምታድሩ ከሆነ ያለ ሐሳብ ልብስ የምትቀይሩበት ቦታ ይኸው ነው።

ካሸሩ ነው ያናደደኝ። ካርዱን ያወጣሁት መንጃ ፈቃዴ ላይ ባለው የድሮ ስሜ ስለነበር ተራዬ ሲደርስ ሰው ሁሉ እየሰማ በማይክ ጠራኝ፣ ስቀርብ ደግሞ «ካርዱ የማን ነው?» አለ። የኔ ነው አልኩት፤ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ኮዱን ሰጠኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። እናንተ ተራውን በስልክ መልእክት እንዲልኩላችሁ አድርጉ፣ አማራጩ የማረፊያው የስልክ አፕ ላይ አለ፤ ያኔ ማንም ስም አይጠራም።

ማታ ለማደር ከመጣችሁ በጊዜ ድረሱ። መብራት ያለው ከመግቢያው ፊት ለፊት ያለው ረድፍ ብቻ ነው፣ እሱም ቶሎ ይሞላል፤ ከኋላ ያለው ጨለማ ነው፣ እኔ እዚያ አላድርም።