በእንፋሎት ባቡር ወደ እንግሊዝ ገጠር በዓል፦ ደንስተር ይሻላል ወይስ ኤግተን ብሪጅ?

በኦገስት ወር ልጆቻቸውን ይዘው በእንፋሎት ባቡር ወደ አንድ የእንግሊዝ ገጠር በዓል ለመሄድ የሚያስቡ ወዳጆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ከጣቢያው ወርዳችሁ እስከ በዓሉ ቦታ ምን ያህል በእግር ትሄዳላችሁ? የመጨረሻው የመመለሻ ባቡርስ በስንት ሰዓት ይነሣል? የእንፋሎት ባቡር እንደ ከተማ ባቡር በየሩብ ሰዓቱ አይመጣም፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይመላለሳል። የመጨረሻው ያመለጠው ቤተሰብ ምሽቱን ታክሲ ሲፈልግ ያሳልፋል፤ በገጠር ደግሞ ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም።

በባቡር ወደ በዓል መሄድ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ከአዲስ አበባ ለገሃር ተሳፍሮ ድሬዳዋ የወረደ፣ በመንገድ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ስንቅ የተካፈለ ተሳላሚ፣ ጉዞው የበዓሉ ዋዜማ መሆኑን ያውቃል። ሁለቱን የእንግሊዝ ጉዞዎች የመዘንኳቸውም በዚሁ ሚዛን ነው። ባቡሩ ወደ በዓሉ የሚያደርስ መጓጓዣ ብቻ ከሆነ መኪና ይሻላል፤ በዓሉን ከመንገድ የሚያስጀምር ከሆነ ግን ገንዘቡም ድካሙም አይቆጭም።

አንደኛው ጉዞ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ነው። በዌስት ሶመርሴት መስመር ተጉዞ በደንስተር ቤተ መንግሥት ሥር ባለው ሜዳ ወደሚካሄደው የደንስተር የግብርና ትርዒት ይወስዳል። ሁለተኛው በሰሜን ነው፤ በኖርዝ ዮርክሻየር ሙርስ መስመር እስከ ግሮስሞንት ተጉዞ ከዚያ ወደ ኤግተን ብሪጅ የጉዝቤሪ ትርዒት ይኬዳል። ጉዝቤሪ በእሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ የሆነ፣ ኮምጣጣ ፍሬ ነው። ለዚህች ፍሬ መንደር ሙሉ በዓል ያደርጋል ሲባል ብዙ ሰው አያምንም፤ እኔም አላመንኩም ነበር።

ቀኑ እና ጾሙ

የእንግሊዝ መመሪያዎች የማይጽፉት፣ ለእኛ ግን ቁም ነገር የሆነ ልዩነት አለ። የደንስተር ትርዒት የሚውለው በኦገስት አጋማሽ፣ ዓርብ ቀን ነው። ይህ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ይገባል። ሜዳው ላይ የሚሸተው የተጠበሰ ሥጋ፣ የአካባቢው አይብ፣ ከሻይ ጋር የሚቀርበው ክሬም የተቀባ ስኮን ሁሉ ለጾመኛ አይሆንም። ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ስንቅ መቋጠር ግድ ነው። ዳቦ፣ ቆሎና ፍራፍሬ ይዞ ቤተ መንግሥቱ ካለበት ኮረብታ ሥር ሣር ላይ መቀመጥ ያስደስታል፤ ሳይዘጋጁ ሄዶ በድንች ጥብስ ብቻ መዋል ግን ያናድዳል።

የኤግተን ብሪጅ ትርዒት በኦገስት የመጀመሪያ ማክሰኞ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 ባለው ሳምንት ማለት ነው፤ የሐምሌ ገብርኤል ካለፈ በኋላ፣ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት። ማክሰኞው ራሱ ነሐሴ 1 ላይ ካልዋለ በቀር ጾም የለም። ለጾመኛ ቤተሰብ ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊወስን ይችላል። በሌላ በኩል ማክሰኞ የሥራ ቀን ስለሆነ ፈቃድ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ዓርብም ያው ነው፣ ግን ቅዳሜና እሑድ ስለሚከተሉት አዳር ለማድረግ ይመቻል።

ሁለቱ መስመሮች

የዌስት ሶመርሴት መስመር ከቢሾፕስ ሊድያርድ እስከ ማይንሄድ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1862 እስከ ዋቼት ወደብ ተከፈተ፤ በ1874 ማይንሄድ ደረሰ። ያን ጊዜ ሐዲዱ መሐንዲሱ ብሩኔል ያስጀመረው ሰፊ ሐዲድ ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 2.14 ሜትር፣ የድሬዳዋው ሐዲዳችን አንድ ሜትር ስለነበር ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። በ1882 ወደ መደበኛው ስፋት ተቀየረ። መንግሥት በ1971 ዘጋው፤ ወዳጆቹ ከ1976 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መልሰው ከፈቱት።

ጉዞው ዝግ ያለ ነው፤ እንዲህ ያሉ መስመሮች በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አይሮጡም። መጀመሪያ በኮረብታዎች መካከል፣ በጎችና ከብቶች በሚሰማሩበት መስክ ያልፋል፤ ከዋቼት በኋላ ባሕሩ ይገለጣል። ወደ ማይንሄድ አቅጣጫ ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ሰማዩ ከጠራ ከባሕሩ ማዶ የዌልስ ምድር ይታያል። ለትንንሽ ልጆች ይህ መስመር ይስማማል፤ ጣቢያዎቹ ብዙ ስለሆኑ ሁልጊዜ የሚታይ ነገር አለ፣ የአበባ መደቦች፣ የቆዩ ሻንጣዎች፣ ባንዲራ የያዘ የባቡር ሠራተኛ።

የዮርክሻየሩ መስመር ሌላ ባሕርይ አለው። ከፒከሪንግ እስከ ግሮስሞንት 29 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንዳንዶቹ ባቡሮች ከዚያ አልፈው በመደበኛው ሐዲድ ዊትቢ የባሕር ዳርቻ ይደርሳሉ። መስመሩን የቀየሰው የባቡር መሐንዲሱ ጆርጅ ስቲቨንሰን ነው። በ1836 ሲከፈት ግን ሎኮሞቲቭ አልነበረውም፤ ፉርጎዎቹን የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። ግሮስሞንት ስትደርሱ በዚያ ዘመን የተቆፈረው ዋሻ ዛሬም አለ። አሁን የእግረኛ መተላለፊያ ሆኗል፤ በውስጡ አልፋችሁ ሎኮሞቲቮች የሚጠገኑበት ጋራዥ ትደርሳላችሁ። ለልጅ ሳይሆን ለአባት የሚሆን ቦታ ነው እላለሁ፤ አንዴ የገባ አባት ቶሎ አይወጣም።

ከፒከሪንግ ሲወጣ ባቡሩ ኒውተንዴል በሚባለው ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል፤ ደን፣ ገደል፣ ከዚያም ሐምራዊ አበባ የሚለብስ ሰፊ ደጋ። ባሕር አይታይም፣ መንደርም ጥቂት ነው። ጸጥታ የሚወድ ሰው ይህንን ይመርጣል፤ እኔም ራሴ የምመርጠው ይህንን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሁለቱም ይሠራል። ከሎኮሞቲቩ የምትወጣው ብልጭታ ደረቅ ሣር ልታቃጥል ስለምትችል፣ ዝናብ በጠፋበት ኦገስት የእንፋሎቱ ሎኮሞቲቭ በናፍጣ ሊተካ ይችላል። በተለይ የዮርክሻየሩ ደጋ በቀላሉ የሚነድ ነው። አንድ ጊዜ በሌላ መስመር ላይ ልጆቹን ለሳምንት ስለ እንፋሎት ሳወራላቸው ከርሜ፣ ጣቢያ ስንደርስ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ቆሞ ጠበቀን። ትንሿ ልጄ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ደውዬ የዕለቱ ሎኮሞቲቭ ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ከጣቢያው እስከ በዓሉ

ደንስተር ጣቢያ ከመንደሩ አንድ ማይል ያህል ይርቃል፤ የትርዒቱ ሜዳ ግን በቤተ መንግሥቱና በጣቢያው መካከል ባለው ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ በእግር ይደረሳል። አስቸጋሪው ርቀቱ ሳይሆን መኪና የሚበዛበትን አውራ ጎዳና መሻገሩ ነው፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው ይጠንቀቅ። ከደረሱ በኋላ ያለው ግን ሰፊ ነው። ቀይ የዴቨን ከብቶች፣ ቀንዳም የኤክስሙር በጎች፣ አጫጭር የኤክስሙር ፈረሶች፣ በገበሬዎቻቸው ታጥበውና ተበጥረው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ገጠር ያደገ ሰው በሬ ሲያይ ትከሻውን፣ ቀንዱን፣ አረማመዱን ይመለከታል፤ እዚያ ያሉ ገበሬዎችም የሚያዩት ያንኑ ነው። አባቴን ይዤው ብሄድ ኖሮ ያለ አስተርጓሚ ይግባባቸው ነበር። ሲደክማችሁ ወደ መንደሩ ውጡ፤ በ1609 የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የጨርቃ ጨርቅ ገበያ አሁንም በመንገዱ መካከል ቆሟል።

ከግሮስሞንት እስከ ኤግተን ብሪጅ ያለው መንገድ ግን ለእኔ የጉዞው ሁሉ ዋጋ ነው። ከኤስክ ወንዝ ጋር እየተጓዘ በዛፎች ሥር የሚያልፍ፣ ሜዳማ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚሆን የቀድሞ የቀረጥ መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ ያለው አሮጌ ሰሌዳ ለጋሪ፣ ለፈረስ፣ ለአስከሬን መኪና ሳይቀር ስንት ይከፈል እንደነበር ይዘረዝራል። ዛሬ እግረኛ ምንም አይከፍልም። መንደሩ ስትደርሱ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየረገጡ መሻገሪያ አለ። ልጆች ከዚያ አይነሡም።

ትርዒቱ ራሱ ከ1800 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን ትንሽ ነው፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠዋት ገበሬዎቹ ፍሬዎቻቸውን ለሚዛን ያቀርባሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ያያል። የሚዳኘው በጣዕም ሳይሆን በክብደት ነው። ሚዛኑ ዛሬም በጥንቱ የእንግሊዝ መለኪያ፣ በድራምና በግሬን ይነገራል። በ2019 እዚያ የተመዘነች አንዲት ፍሬ 64.83 ግራም ሆና የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች፤ ደህና የዶሮ እንቁላል ማለት ነው። ፍሬዎቹ በነጭ ሳህን ላይ ተደርድረው ሲታዩ፣ ሽማግሌዎቹ በዝቅተኛ ድምፅ ሲነጋገሩ፣ የጓሮ አትክልት ብቻ ሳይሆን የአያት የቅድመ አያት አደራ እንደሚታይ ይገባችኋል። ግን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስቆይ አይደለም። ከብት፣ ፈረስና ብዙ ሕዝብ የሚፈልግ ቤተሰብ እዚህ መጥቶ ቅር ይለዋል። ያን የሚፈልጉ በአቅራቢያው ያለውን የኤግተን የግብርና ትርዒት ያስቡ፤ በኦገስት መጨረሻ ረቡዕ ቀን ይውላል፣ ፍልሰታ ያኔ ተፈትቷል፤ ከኤግተን ብሪጅ ወደ ላይኛው መንደር የሚወስደው ዳገት ግን ለአረጋውያን ይከብዳል።

ቲኬት ስትገዙ

የባቡሩና የበዓሉ ቲኬት የተለያዩ ግዢዎች ናቸው። እነዚህ መስመሮች በዓመቱ ውስጥ ሁሉንም ቀን ላይሠሩ ስለሚችሉ መጀመሪያ የዕለቱን የጊዜ ሰሌዳ አረጋግጡ፤ ከዚያ የባቡሩን፣ በመጨረሻ የበዓሉን ግዙ። በተለይ ለደንስተር ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡ፤ የዓርቡ ባቡር ሳይረጋገጥ የሜዳውን መግቢያ መክፈል ለጸጸት ይዳርጋል።

የባቡሩ ዋጋ ከመደበኛው ባቡር ጋር ሲተያይ ለአጭር መንገድ ብዙ ይመስላል። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የብሪታንያ የከሰል ማውጫዎች ከሞላ ጎደል ተዘግተዋል፤ በደቡብ ዌልስ የነበረው ፎስ ኣ ቭራን በ2023 ሲያበቃ መስመሮቹ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ከሰል ላይ ወደቁ። ብዙዎቹ ሾፌሮችና እሳት አንዳጆች ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የምትከፍሉት ቦይለር ይጠግናል። ምግብ የሚቀርብባቸው የተዋቡ ፉርጎዎችም አሉ፣ በዮርክሻየሩ መስመር በተለይ ያማሩ ናቸው። ለበዓል ቀን ግን አልመክርም፤ ሰዓታችሁን ማዕዱ ይወስደዋል።

ከለንደን ለሚነሣ ሰው ደንስተር ይቀላል። ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ ወደ ቶንተን ከተማ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ 28 ቁጥር አውቶቡስ ቢሾፕስ ሊድያርድ ያደርሳል። ይኸው አውቶቡስ ወደ ማይንሄድ ሲሄድ በደንስተር በኩል ስለሚያልፍ፣ የመጨረሻው ባቡር ቢያመልጥ መመለሻ አላችሁ። ወደ ሰሜኑ ለመሄድ እስከ ዮርክ ወይም ማልተን በባቡር፣ ከዚያ በ840 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ፒከሪንግ ነው፤ ከሊድስ ለሚነሡ ይሄው አውቶቡስ ከከተማቸው ይጀምራል። በኤግተን ብሪጅ መደበኛ ባቡር የሚቆምበት ትንሽ ጣቢያ ቢኖርም ባቡሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱን ተስፋ አድርጋችሁ አትዘግዩ።

ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ ከለንደን የሚነሣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ቤተሰብ ስንቁን ቋጥሮ ደንስተር ይሂድ። ሁለት ጓደኛሞች፣ ባልና ሚስት፣ በእግር መሄድ የሚወዱ ወጣቶች ኤግተን ብሪጅን ይምረጡ። የትኛውንም ብትመርጡ ነጭ አትልበሱ፤ በተከፈተ መስኮት የሚገባው ጥላሸት ከነጠላ ላይ በቀላሉ አይለቅም።

ወደ ሰሜኑ የምትሄዱ ደግሞ ለመመለሻው ቀደም ብላችሁ ግሮስሞንት ድረሱና ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ያለውን ፉርጎ ያዙ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ወደ ጎትላንድ ሐዲዱ በየ49 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ ይላል። ለመኪና ይህ ዳገት አይባልም፤ ብረት በብረት ላይ ለሚሽከረከርበት ባቡር ግን ከባድ ነው። ጠዋት ሲመጣ ያንን ቁልቁለት በዝምታ የወረደው ሎኮሞቲቭ ማታ ሲመለስ እያንዳንዱን ትንፋሽ ያሰማል፤ ድምፁ በሸለቆው ግድግዳ እየተመለሰ ከወንበራችሁ ሥር ድረስ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱን ክፈቱት።