ለታፕ የሚሆን ፑንታ ስትገዙ፦ የትኛው ልክ ለየትኛው ሥራ?

ታፕ፣ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ሲሰበር አብዛኛው ሰው ታፑን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቀዳዳው ነው፤ ጠቧል። ለዚህ ነው ለታፕ የሚወጣው ገንዘብ ያህል ቀዳዳውን ለሚበሳው ፑንታም ማሰብ ያለባችሁ።

መነሻው ሒሳብ ቀላል ነው። ከብሎኑ ውፍረት ላይ ፒቹን፣ ማለትም ከአንድ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት ቀንሱ። የመደበኛው ኤም 6 (6 ሚሜ ውፍረት ያለው ብሎን) ፒች 1 ሚሜ ነው፤ ስለዚህ 5 ሚሜ ፑንታ ይፈልጋል። ኤም 8 ፒቹ 1.25 ስለሆነ 6.75 ይመጣል፤ በተግባር 6.8 ይወሰዳል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ታፑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ኤም 10 ታፕ ባለ 1.5፣ ባለ 1.25 እና ባለ 1 ፒች ይገኛል፤ ፑንታቸውም በቅደም ተከተል 8.5፣ 8.8 እና 9 ነው። በኢንች የሚለካም ቢሆን ስሌቱ ያው ነው፦ በኢንች 20 ጥርስ ያለው ሩብ ኢንች ብሎን 5.1 ሚሜ ይወስዳል።

ጠበቅ ወይስ ሰፋ?

ብዙዎች ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ጥርሱ ይጠነክራል ብለው ያስባሉ። እስከ ተወሰነ ድረስ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ትርፉ ትንሽ፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። ኤም 6ን እንውሰድ። በ5.0 ስትበሱ ከሙሉ ጥርስ 77 በመቶ ያህሉ ይወጣል። በ5.2 ወደ 62 በመቶ ይወርዳል። በ4.8 ደግሞ 92 በመቶ ይደርሳል፤ ታፑ ግን ያን ሁሉ ብረት መቁረጥ አለበት፣ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣል፣ እጀታው ይከብዳል፣ በመጨረሻም ቀጭን ታፕ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ከ60 በመቶ በላይ የሚጨመር ጥርስ ለጥንካሬ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ጥርሱ የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥልቀት ካገኘ፣ ለተራ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበጠሰው ብሎኑ ነው።

እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። ለአሉሚኒየም፣ ለናስና ለተራ ብረት በስሌቱ የመጣውን ልክ ያዙ። ለስቴንለስና ለጥልቅ ቀዳዳ በ0.1 ሰፋ አድርጉ፤ ለኤም 6 5.1 ማለት ነው። ለስስ ላሜራ ግን ወደ ሰፊው አትሂዱ፤ እዚያ የሚይዘው ጥርስ ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው። ሥራው በስዕል የታዘዘና 6ኤች የሚል የልክ ገደብ (የሚፈቀደው ትንሹና ትልቁ ልክ) የተጻፈበት ከሆነ፣ ለኤም 6 የውስጥ ዲያሜትሩ ከ4.917 እስከ 5.153 ሚሜ መሆን አለበት። 5.1 እዚያ ውስጥ ይገባል፣ 5.2 አይገባም።

የሚቆርጥ ታፕ ወይስ የሚጨምቅ?

ይህን ካልለያችሁ ትክክለኛ ፑንታ መግዛት አትችሉም። የተለመደው ታፕ ብረቱን ይቆርጣል፤ ጎኑ ላይ ፍቅፋቂ የሚወጣባቸው ጥልቅ ቦዮች አሉት። ሌላው ዓይነት አይቆርጥም፣ ብረቱን ጨምቆ ጥርስ ያወጣዋል። ቦይ የለውም፣ ቢኖረውም ዘይት ማሳለፊያ ጭረት ብቻ ነው። ብረቱ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ቀዳዳው ከመጀመሪያው ሰፋ ማለት አለበት፤ ከውፍረቱ ላይ የሚቀነሰው የፒቹ ግማሽ ያህል ነው።

| ብሎን | ፒች | ለሚቆርጥ | ለሚጨምቅ |
|---|---|---|---|
| ኤም 3 | 0.5 | 2.5 | 2.8 |
| ኤም 4 | 0.7 | 3.3 | 3.7 |
| ኤም 5 | 0.8 | 4.2 | 4.65 |
| ኤም 6 | 1 | 5.0 | 5.55 |
| ኤም 8 | 1.25 | 6.8 | 7.4 |

የሚጨምቀው ፍቅፋቂ አያወጣም፤ ታቹ ለተዘጋ ቀዳዳ ትልቅ እፎይታ ነው። ጥርሱም ጠንካራ ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ጉልበትና ጥሩ ዘይት ይፈልጋል፣ ለካስት አይረን ጨርሶ አይሆንም፣ የልክ ስህተትንም አይታገስም። በ5.0 ቀዳዳ ውስጥ የሚጨምቅ ኤም 6 ታፕ ማስገባት ታፑን መስበር ነው። በእጅ ለሚሠራና የተለያየ ብረት ለሚያጋጥመው ሰው የሚቆርጠው ይሻላል። ተመሳሳይ የአሉሚኒየም ዕቃ በብዛት በማሽን ለሚሠራ ደግሞ የሚጨምቀውን አለማየት ያስቆጫል።

የትኛውን ስብስብ?

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ከ1 እስከ 10 ሚሜ በግማሽ ሚሊሜትር የሚያድግ ባለ 19 ስብስብ ነው። ለተራ ቀዳዳ ጥሩ ነው። ለታፕ ግን ዋናዎቹን ልኮች ያጣል፦ 3.3፣ 4.2 እና 6.8 የሉበትም። ኤም 5 ላይ ችግሩ በደንብ ይታያል። 4.0 ከተጠቀማችሁ የጥርሱ ሙላት 96 በመቶ ይሆናል፣ ታፑ ይታነቃል። 4.5 ከተጠቀማችሁ 48 በመቶ ብቻ ነው፣ ጥርሱ ይሳሳል። በመካከሉ ምንም የለም።

ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ባለ 24 ስብስብ አለ። ከ1 እስከ 10.5 በግማሽ በግማሽ ሆኖ 3.3፣ 4.2፣ 6.8 እና 10.2 ተጨምረውበታል። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ይህን እመርጣለሁ። በ0.1 የሚያድገው ትልቁ ስብስብ የሚያስፈልገው ስቴንለስ ለሚያዘወትር፣ ቀጭን ፒች ለሚሠራ ወይም የሚጨምቅ ታፕ ለያዘ ነው (4.65 እና 5.55 ግን እዚያም የሉም)። ባለ 19ኙ ቀድሞ ካላችሁ ሌላ ስብስብ አትግዙ፤ የጎደሉትን ልኮች ብቻ በነጠላ ግዙ፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ቀጭኖቹ ቶሎ ይሰበራሉ።

ጥራቱን በተመለከተ ለተራ ብረትና ለአሉሚኒየም ኤች ኤስ ኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው የመሣሪያ ብረት) ይበቃል፤ ለስቴንለስ ኮባልት ያለበትን ያዙ። ጫፉ እኩል ያልተሳለ ፑንታ ግን ምንም ቢጻፍበት ከልኩ በላይ ይበሳል። አዲስ ፑንታ ስትገዙ መጀመሪያ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ብሱና ቀዳዳውን በካሊፐር ለኩት።