ጉምሩክ የሚያስጨርሱልኝ ትራንዚተር፦ ኮድ ላይ ጎበዝ፣ ስልክ ላይ ዜሮ

ባሕር ዳር የእንስሳት ዕቃ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። የውሻ ትሪት፣ ማለትም ውሻ ሲሰለጥን ወይም ሲታዘዝ የሚሰጠው ብስኩትና ማኘኪያ፣ ከውጭ አስገባለሁ። አውቃለሁ፣ ጎጃም ውስጥ ውሻ የሚበላው የተረፈ እንጀራና አጥንት ነው። አክስቴም «ለውሻ ብስኩት በዶላር?» ብላ ስቃብኛለች። ገዢ ግን አለ።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ትሪቱ ሳይሆን ዕቃዬን ከጉምሩክ ስለሚያስወጡልኝ ትራንዚተር ነው። ወቀሳም ስላለበት ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ከእሳቸው በፊት የሠራልኝ ሰው ኢንቮይሱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ሁሉም የውሻ ምግብ ነው፣ በአንድ ኮድ ይሄዳል» የሚል ዓይነት ነበር (ኮድ የምንለው ዕቃው ስንት ቀረጥ እንደሚከፍል የሚወስነውን የታሪፍ ቁጥር ነው)። ፍተሻ ላይ ካርቶኑ ሲከፈት ብስኩት፣ የደረቀ የበሬ ብልት (የወንድነት አካሉ)፣ የናይሎን አጥንትና ማሰሪያ ወጣ። የቀረውን ጉምሩክ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃው ይቆማል፣ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፣ ልዩነት ክፈይ ይባላል፣ ቅጣቱም ይከተላል።

ጋሼ ግን ገና ፕሮፎርማው ሲመጣ ነው የሚጀምሩት። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ከምን ተሠራ? በምን ታሸገ? ይበላል ወይስ ይታኘካል ብቻ?» መጀመሪያ ያናድዳል። በኋላ ይገባችኋል።

ለችርቻሮ የታሸገ የውሻና የድመት ምግብ 2309.10 ላይ ይገባል። የውሻ ብስኩትም ከዱቄት ቢጋገርም እዚሁ ነው፣ ሰው ከሚበላው ብስኩት ጋር 1905 ላይ አይቀመጥም። ያው ምግብ ለችርቻሮ ሳይታሸግ በጅምላ ጆንያ ከመጣ ግን 2309.90 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያወጣቸው ስለሆኑ በየአገሩ አንድ ናቸው። የእኛ ታሪፍ 8 አኃዝ ነው፣ ስለዚህ የቻይናው ላኪ ኢንቮይስ ላይ የጻፈውን ረጅም ቁጥር እንዳለ ገልብጦ መሙላት አይሠራም።

አስቸጋሪው የደረቀው ነገር ነው። የታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 23 ማስታወሻ 2309 ውስጥ የሚያስገባው የጥሬ ዕቃውን ባሕርይ እስኪያጣ ድረስ የተቀነባበረውን ነው። ሥጋና ዱቄት ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ በአጥንት ቅርጽ ከወጣ ክርክር የለም። ታጥቦ የደረቀ የበሬ ብልት ግን ያው የበሬ ብልት ነው፣ ጋሼም ምዕራፍ 5ን ገልጠው ሌላ ቦታ ያልተመደበ የእንስሳት ውጤት የሚገባበትን 0511ን ያሳዩኛል። ከቆዳ ተጠቅልሎ የሚመጣው ማኘኪያ ላይ ሲደርሱ እሳቸውም ቶሎ አይወስኑም። ቆዳው ብቻውን ነው ወይስ ተፈጭቶ ከሌላ ነገር ተደባልቋል የሚለውን ላኪው በጽሑፍ ካላረጋገጠ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) አይሞሉም። (በነገራችን ላይ፣ በበዓል ማግስት የበሬ ቆዳ ገዢ አጥቶ በየሰፈሩ ሲጣል እያየን የተጠቀለለ ቆዳ ከውጭ ገዝተን ለውሻ መስጠታችን ያበሳጨኛል። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሰው ቢጀምረው የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነኝ።)

የናይሎንና የላስቲክ አጥንት ስለማይበላ ምግብ አይደለም። ፕላስቲኩ ምዕራፍ 39፣ ላስቲኩ ምዕራፍ 40 ነው። ማሰሪያውና የአፍ መዝጊያው ደግሞ 4201፣ ከፈረስ ኮርቻ ጋር። የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን የሚያስጌጡት ኮርቻና የእኔ የውሻ ገመድ በታሪፉ ዓይን አንድ ቤት መሆናቸውን ስሰማ ስቄያለሁ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን ካላችሁ፣ ብሩ እዚያ ነው ያለው። የጉምሩክ ቀረጥ ከ0 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው፣ ዕቃው 10 በመቶ ሱር ታክስ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) ካለበት እሱም በላዩ ይነባበራል፣ ስለዚህ ቀረጡ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ከላዩ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ዝቅ ያለውን ኮድ እንምረጥ ብዬ ስሞክራቸው ጋሼ «ዕቃው ወጣ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት አለ» ብለው ዘጉኝ። የግብርና ባለሥልጣን ፈቃድና የላኪው አገር የእንስሳት ጤና ሰርተፍኬትም ዕቃው ሳይጫን በፊት እጃቸው ካልገባ የማስወጣቱን ሥራ አይጀምሩም።

ወቀሳዬ? ስልክ አያነሱም። ዕቃችሁ ወደብ ላይ ቆሞ አሥር ጊዜ ብትደውሉ እንኳ አያነሱም። ቴሌግራም ላይ ከጻፋችሁ ማታ ማታ ይመልሳሉ። ክፍያቸውም ይወደዳል፣ የዕቃው ዓይነት በበዛ ቁጥር ይጨምራሉ፣ ይህን ደግሞ ቀድመው አይነግሯችሁም፣ ስለዚህ ዋጋውን በጽሑፍ ተስማሙ። ደረሰኝ ላይ ግን ንጹሕ ናቸው።

ትልቁ ክፍተት ሞጆ ላይ ነው። ደረቅ ወደቡ ጋ የሚወክላቸው ልጅ ትሑት ነው፣ ሮጦ ይሠራል፣ ግን እንደ እሳቸው አይጠይቅም፣ ፈታሹ ያለውን ብቻ ይዞ ይመለሳል። እኔ አሁን የኮዱን ዝርዝር፣ የላኪውን መግለጫና የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ ለልጁም በቀጥታ እልክለታለሁ። ከእሳቸው ጋር ልትሠሩ ካሰባችሁ የልጁን ስልክ ቁጥር ከጋሼ መጀመሪያውኑ ተቀበሉ።