«በበጋ የሚያፈራ» እሾህ አልባ ራስበሪ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የማን በጋ እንደሆነ ጠይቁ

ዝናቡ ሲቃረብ የችግኝ ማስታወቂያ ይበዛል። በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ዘመዶቼ «እሾህ አልባ፣ በበጋ የሚያፈራ ራስበሪ» (እንጆሪ መሰል ቀይ ፍሬ ነው) የሚል ማስታወቂያ ልከውልኝ «አንቺ የገዛሽው ይህንን አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን፣ እርሱ ነው። ፎቶግራፉ እንኳ አልተለወጠም። ስለዚህ ለሦስቱም በየተራ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው።

ለ40 ችግኝ 26,000 ብር፣ ለግማሽ ቀን «ሥልጠና» ደግሞ 4,000 ብር ከፈልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ የለቀምኩት 11 ነው። 11 ኪሎ ማለቴ አይደለም፤ 11 ፍሬ ነው። አንዷ ፍሬ 2,700 ብር ገደማ ፈጅታለች ማለት ነው፤ ከእነዚያም ውስጥ አራቱ ሻግተው ነበር።

የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ድንች ስኮተኩት ቆይቼ አንድ ለየት ያለ ነገር ለመሞከር አማረኝ። ሻጩ ከከተማ ወጣ ባለ ግቢ ውስጥ ቀይ ፍሬ ያዘለ ተክል አሳየኝ። አንዷን ልቀጥፍ እጄን ስዘረጋ ጣቴን ወጋኝ። «እሾህ አልባ አላልክም እንዴ?» ብዬ ስጠይቀው፣ ሳያመነታ «እናቴ፣ ይህ እናትየው ነው፤ ልጆቹ እሾህ የላቸውም» አለኝ። ሳቅሁና አለፍኩት። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ መመለስ የነበረብኝ ያኔ ነበር።

በተሰጠኝ ወረቀት ላይ «በበጋ ያፈራል» ይላል። እኛ በጋ ስንል ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለውን ደረቁን ወቅት ነው፤ ስለዚህ በሁዳዴ ጾም ጁስ ቤቶች ደጃፍ ላይ በሳጥን ራስበሪ ሳስረክብ ታየኝ። ሻጩም ይህንኑ ሕልም እያሰፋ ነገረኝ። የእህቴ ልጅ ግብርና ተምሯል፤ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ መጥቶ የችግኙን መለያ አነበበና «ግሌን አምፕል ይላል፤ ይህ እኮ በስኮትላንድ፣ ዳንዲ ከተማ አጠገብ የተዳቀለ ዝርያ ነው» አለኝ። እውነትም እሾህ የለውም፤ ፍሬውም ትልቅና ጣፋጭ ነው፤ በሀገሩ በጣም የተወደደ ነው። ሆኖም እዚያ በጋ የሚሉት ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን ነው። ሻጩ የፈረንጁን ቃል ቀጥታ ገልብጦ፣ የእኛን የሐምሌ ጨለማ በጋ ብሎ ሸጠልኝ። በሱሉልታ ሐምሌ ልብስ እንኳ ተሰጥቶ አይደርቅም። እንደ ራስበሪ ያለ ቆዳው ስስ የሆነ ፍሬ ለቀናት ሲረጥብ ግራጫ ሻጋታ ያለብሰዋል።

የሻጋታው ነገር ግን ከሌላው ጥፋት ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ራስበሪ ሥሩ ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ አገዳው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው። በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፣ በሁለተኛው ያፈራል፣ ከዚያ ይደርቃል። በፈረንጅ በጋ የሚያፈራው ዓይነት ፍሬ የሚሰጠው በዚህ ባለፈው ዓመት አገዳ ላይ ነው። ሌላ ዓይነትም አለ፤ እነርሱ የመከር የሚሉት፣ በዚያው ዓመት በበቀለው አዲስ አገዳ ጫፍ ላይ የሚያፈራ። የመከሩን በየዓመቱ ሁሉንም አገዳ ከመሬት ቢቆርጡት ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም ሥራ ያቀልላል። የበጋውን እንዲህ ከቆረጡት ግን የሚቀጥለውን ዓመት ፍሬ በገዛ እጅ አጭዶ መጣል ነው። እኔ 4,000 ብር ከፍዬ የሠለጠንኩት ምን ይመስላችኋል? «በየዓመቱ በጥር ወር አገዳውን በሙሉ ከመሬት ይቁረጡ» የሚል ነው። በሰኔ 2014 የተከልኩት በጥር 2015 ደረቴ ደርሶ ነበር። በሠራተኛ አስቆረጥኩት። ለቁርጡም ከፈልኩ!

ችግኙ የአንዱ ዓይነት፣ ወረቀቱ የሌላው ዓይነት ነበር። ያ ጣቴን የወጋኝ «እናትየው» ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ ፍሬው በአዲሱ አገዳ ጫፍ ላይ ነበር። ምንም እናትነት አልነበረውም፤ የመከሩ ዓይነት ነው። ያፈራውን አሳይቶ የማያፈራውን ሸጠልኝ።

በሁለተኛው ዓመት ብልህ ሆንኩና አገዳውን ተውኩት። አሁንም ብዙ አላፈራልኝም። ምክንያቱ ብርድ ነው፤ መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ። ይህን ስል ሱሉልታን የምታውቁ ሁሉ እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ሻጩም ያታለለኝ በዚሁ ነው። «ራስበሪ ብርድ ይወዳል፣ ሱሉልታ ደግሞ ብርድ ነው» አለኝ፤ ማን ይህን ይክዳል? ነገር ግን በጋ የሚያፈሩት ዝርያዎች እምቡጣቸው እንዲነቃ መጀመሪያ ረጅም እንቅልፍ መተኛት አለባቸው። ለዚህም እንደ ዝርያው ከ7 ዲግሪ በታች 800 ሰዓት፣ አንዳንዱም ከ1,000 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። የእህቴ ልጅ ቴርሞሜትር ሰጥቶኝ ከኅዳር እስከ ጥር 2016 ስመዘግብ ከረምኩ። ብርዱ የሚጠነክረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ነው። 90ውም ሌሊት እንዲያ ነበር ብለን ብንቆጥር እንኳ 450 ሰዓት ነው። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ 22 ዲግሪ ይደርስና ሌሊት የተጠራቀመውን ከፊሉን ያጠፋዋል። ተክሉ ቅጠሉን እንኳ በወጉ ሳያረግፍ፣ ሳይተኛም ሳይነቃም ወራቱ አለፈ። ከአገዳው እምቡጥ አብዛኛው ጭልም ብሎ ቀረ፤ እዚህም እዚያም ጥቂት አበባ ወጣ። 11ዱ ፍሬ የመጡት ከዚያ ነው። በታችኛው የጓሮዬ ጠርዝ፣ ዋልካው ላይ የተከልኳቸው 13ቱ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ክረምት ሥራቸው በስብሶ ሞተዋል። ራስበሪ ውሃ የሚቋጥር አፈር ላይ አይቆምም፤ ይህንንም አልነገረኝም።

ስደውልለት መጀመሪያ «እናቴ፣ ውሃ አብዝተዋል» አለኝ። በወሩ ስደውል «ውሃ አሳንሰዋል» አለ። በሦስተኛው ስልኩ አይሠራም።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችሁን የሚማርካችሁ ይህ ክፍል ነውና። ሻጩ ፍሬውን በኪሎ 500 ብር፣ ከሥር የሚወጡትን አዳዲስ ችግኞች ደግሞ በግማሽ ዋጋ መልሶ እንደሚገዛን በቃሉ ነገረን። በውሉ ላይ የተጻፈው ግን «የገበያ ትስስር ይመቻቻል» የሚል ብቻ ነው። ማን ያመቻቻል፣ መቼ፣ በስንት፣ የለም። እስቲ አስቡት፦ ራስበሪ ከሥሩ ራሱን የሚያባዛ ተክል ነው፤ የእኔዎቹ ፍሬ ባይሰጡም ከመደቡ አንድ ሜትር ወጥተው በድንቹ መሐል ብቅ ብለዋል፤ ወደ 60 ይሆናሉ። አንድ ችግኝ ያለው ሰው በሁለት ዓመት መንደሩን ያዳርሳል። በ650 ብር የሚገዛ ሰው የሚገኘው ሁሉም ሰው እስኪኖረው ድረስ ነው። መልሶ መግዛቱ የሚያዋጣው ለማን ነው?

ክፍያውንም በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው ያስገባሁት። የተሰጠኝ ማኅተም ያረፈበት የመረከቢያ ወረቀት ነው፤ ደረሰኝ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለገዢው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እኔ ማኅተሙን አይቼ ልቤ አረፈ። አቤቱታ ለማቅረብ ስነሳ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ያንኑ የሌለኝን ደረሰኝ ነው።

አሁንም ራስበሪ መትከል የምትፈልጉ ካላችሁ አትትከሉ አልልም፤ ተክሉ አልበደለኝም። ግን «አዲስ አገዳ ላይ ነው ወይስ ባለፈው ዓመት አገዳ ላይ የሚያፈራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ጥያቄው ካልገባው ውጡ። የዝርያውን ስም በጽሑፍ ይስጣችሁ። ከውጭ አስገባሁ ካለ የማስገቢያ ፈቃዱንና ከመጣበት ሀገር የተሰጠውን የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ያሳያችሁ፤ ያለ እነዚህ ችግኝ ማስገባት አይቻልም። የሚያሳያችሁ ተክል በዕቃ ውስጥ ያለ ሳይሆን በእኛው አካባቢ መሬት ላይ ተተክሎ ሦስት ዓመት የሞላው ይሁን፤ ከምትገዙት ጋርም አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ እሾሁንም ዳሱት። የመከሩ ዓይነት ያን ያህል ብርድ ስለማይፈልግ ለእኛ ደጋ የተሻለ ዕድል አለው፤ ከእርሱም እሾህ አልባ አለ። ቢሆንም ከአራት ወይም ከአምስት ችግኝ በላይ አትጀምሩ። የሚባዛ ከሆነ ራሱ ይባዛላችኋል።

ይህን ሁሉ የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አንዲት ጎረቤቴ 20 ችግኝ የገዙት በእኔ ምክር ነው። ባለፈው ቅዳሜ የእኔን ነቅዬ ጨርሼ የእርሳቸውንም ላግዝዎት ብዬ ዶማ ይዤ ሄድኩ። በር ላይ ቆመው አላስገቡኝም፤ «አንድ ሰኔ ልየው» አሉኝ።