የጅማ በርጩማ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩት

ለቡና ማፍያ ብዬ ጅማ ላይ ከጠራቢው እጅ የዋንዛ በርጩማ ገዛሁ። ባለሦስት እግር ነው። መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ የተጠረበ ነው፤ ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወዛወዝም፤ ሦስት እግር ምንጊዜም መሬት ይይዛል። መሃሉ ጎድጎድ ስለሚል ከአቦል እስከ በረካ ቢቀመጡበት አይቆረቁርም።

አዲስ አበባ ውስጥ «የጅማ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን እውነተኛ እንዳይመስላችሁ። እግሩ ለብቻው በማሽን ወጥቶ በኮላ የተለጠፈ፣ ከላይ ጥቁር ቫርኒሽ የተለቀለቀ ሞልቷል። ከሩቅ ሸወድ ያደርጋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጡት። በእውነተኛው ላይ የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ከመቀመጫው ወደ እግሩ ይወርዳል። የተለጠፈው ላይ መስመሩ መገጣጠሚያው ጋ ይቋረጣል፤ ቫርኒሹን ፋቅ ስታደርጉት ኮላው ይታያል። የእኔው ከሥሩ የመሣሪያው ምት እንዳለ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ሞገድ ሞገድ ይላል። ይቺን በጣም ነው የወደድኳት።

እንከን አለው። ይከብዳል። አንዱ እግር ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወጥታለች፤ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ የተጠረበ ይመስለኛል። ከከሰሉ አርቄዋለሁ። ዋጋውም ከኤምዲኤፍ (ተጨምቆ ከተጣበቀ የእንጨት ብናኝ) ከተሠራ ወንበር ይበልጣል፤ ያኛው ግን ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ነው የሚያብጠው።

እናቴ ብቻ እምቢ ብላለች። «ዝቅ ይላል፣ ማን ያነሳኛል?» ትላለች። ለእሷ ከፍ ያለ አስጠርባለሁ።